ጩኸቱን ያፈንሁበት ቧንቧ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝ፤ ለስላሳና ዳቦ ቀረበ። አንዱ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። «አቶ ይበልጣል ዕድሜያቸውን በእሳትና በእንፋሎት መካከል ሲያሳልፉ አንድም ቀን አደጋ አላደረሱም» አለ። ተጨበጨበ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሰው ንግግር ላይ የራሴን ጨው ሳልነሰንስ አልቀመጥም፤ ቀልድ ይዤ ከዋልሁ ሆዴ ይነፋል። የዚያን ዕለት ግን አፌ ተያዘ። ሃምሳ አምስት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጥርሴም ጉልበቴም ገና ሳይከዱኝ፣ ውሸት በአደባባይ ተሸልሜ ቤቴ ገባሁ።

ውሸት ስል የኔን ማለቴ አይደለም። የኔ ማጋነን ነው። ማጋነን እንደ ሊጥ ነው፤ ኩፍ ይላል እንጂ እህሉ ያው ነው። የዚያ ሰውዬ ንግግር ግን እህል የለበትም። አደጋ አድርሻለሁ፤ አንድ ጊዜ። እሱን ልጻፈው።

ዘመኑ የስድሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ሽማግሎቹ ፍኖተ ሰላምን በድሮ ስሟ «ወጀት» ማለት አልተዉም ነበር። እኔ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ በስድስተኛ ክፍል ወረቀትና በአንድ ጥንድ ሸራ ጫማ፣ ከደምበጫ በእህል መኪና ላይ ተጭኜ መጣሁና በአንድ ሐኪም ቤት የእሳት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። የሐኪም ቤቱን ስም አልጠራም። ደመወዙንም አልናገርም፤ ብናገር እኔ እንዳጋነንሁ ሳይሆን እንዳሳነስሁ ትቆጥሩታላችሁ።

ሐኪም ቤቱ አንድ ቦይለር ነበረው። ቦይለር ላላየ ሰው፣ የተጋደመ ትልቅ በርሜል ያስብ፤ ከሥሩ የባሕር ዛፍ እንጨት ይነዳል፣ ከውስጡ ውሃ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ወደ ልብስ ማጠቢያው፣ ወደ ማድ ቤቱና የሐኪም መሣሪያ ወደሚቀቀልበት ክፍል ይሄዳል። ግፊቱ ዝቅተኛ ነው። እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ «እንግዲያማ የድስት ታላቅ ወንድም ነው» አልሁ።

ይህን ያልሁት አያ ደምሴ ፊት ነው። የቦይለሩ ኃላፊ እሳቸው ናቸው፤ በድሬዳዋ የባቡር ጋራዥ ሲጠግኑ ኖረው፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው ጎጃም የተመለሱ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው። አዩኝና «የድስት ክዳን ሲወረወር አይተሃል?» አሉኝ።

«አይቻለሁ።»

«ስንት ሰው ገደለ?»

«ማንንም።»

«ይኸ ክዳኑ ስንት ኩንታል እንደሆነ አንሣውና ንገረኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

እሳቸው ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰውን አይደለም። በቦይለሩ ፊት ላይ የውሃውን ልክ የሚያሳይ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ወደ እሱ ይሄዳሉ። ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፍተው ውሃውን ያፈስሱታል፤ ከዚያ ዘግተው ይጠብቃሉ። ውሃው ፈጥኖ ከተመለሰ ወደ እኛ ዞረው «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ። ካልተመለሰ ሰላምታ የለም። አንድ ቀን «አያ፣ ውሃውማ ይኸው ይታያል፤ ለምን ያፈስሱታል?» አልኋቸው። «ደለል የደፈነው መስታወት የትናንቱን ውሃ ያሳይሃል» አሉኝ። «በትናንት ውሃ የዛሬን እሳት አይነዱም።»

ቧንቧ የሚያዳምጡት በእንጨት ነው። ደረቅ የወይራ በትር አለቻቸው፤ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። «እዚህ ጋ ውሃ ተኝቷል» ይላሉ። ፈትተን ስናየው ተኝቷል። እኔ ለከተማው ሰው ስናገር ግን፣ አያ ደምሴ በዚያች በትር ፍኖተ ሰላም ላይ ሆነው ባሕር ዳር ላይ የሚፈላ ሻይ ይሰማሉ ብዬ አስወራሁ። ሁለት ሽማግሎች የጠፋ በቅሎ እንዲያዳምጡላቸው መጡ።

የቧንቧ ልክ ያስተማሩኝ በጤፍ ነው። እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቁራጭ ቧንቧ አመጡ፤ አንዱ ባለ ግማሽ ኢንች፣ ሌላው ባለ አንድ ኢንች። አንድ ጫፋቸውን በጨርቅ ደፈኑ። «ትልቁ የትንሹን ስንት ይይዛል?» አሉኝ።

«ሁለት ነዋ!» አልሁ። ይህንን የማያውቅ አለ እንዴ?

«ሙላ።»

ትንሹን በጤፍ እየሞላሁ ወደ ትልቁ ገለበጥሁ። አንድ፣ ሁለት። ትልቁ ገና ግማሽ ነው። ሦስት። አራት ሲሆን ሞላ። ሌላ አመጡ፤ ባለ አንድ ኢንች ተኩል። እሱማ ዘጠኝ ጠጣ! የወሰድነው ጤፍ የማድ ቤቷ ኃላፊ ነበርና በማማሰያ ልትመታኝ ተነሣች፤ አያ ደምሴ ግን ፈገግ እንኳ አላሉም። «ስፋት በዓይን አይለካም» አሉኝ። «ቧንቧ በጥቂቱ ሲጠብ ጉሮሮው በብዙ ይታነቃል። ደግሞ የኛ እንፋሎት ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ይንቦረቀቃል፤ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ብርቱ ግፊት በጠባብ ተጋፍቶ ያልፋል፤ ደካማው ግን ሰፊ በር ይሻል።»

ይህችን ትምህርት ይዘን ቡሬ ወረድን። እዚያ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የማድ ቤት ቦይለር አስገብቶ፣ ለቦይለሩ ቅርብ የሆነው ድስት ይፈላል፣ ሩቁ አይሞቅም። ከሩቁ ድስት የሚበሉት ልጆች ባቄላውን በጥርስ ሳይሆን በድንጋይ ነበር የሚሰብሩት። ዲሬክተሩ ወፍራም፣ ቁጡ ሰው ናቸው፤ «ቦይለሩ ደካማ ነውና ትልቅ ይገዛ» ብለው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። አያ ደምሴ ቦይለሩን ዞር ብለው አላዩትም። ከድስት እስከ ድስት በእግራቸው ሄዱና ቧንቧውን በመዳፋቸው ጀርባ እየነኩ ተመለሱ።

«ጌታው፣ ላሟ ደህና ናት» አሏቸው። «ጡቷን አስራችሁ ነው።»

ዋናው መስመር ባለ ግማሽ ኢንች ነበር! ፈትተን ባለ አንድ ኢንች ተኩል አስገባን። እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ውሃ መሐል ላይ ተኝቶ እንዳያንኳኳ፣ ቧንቧውን እንደ ጣራ ክፈፍ በመጠኑ አዘነበልነው። በማግሥቱ ቀትር ላይ የመጨረሻው ድስት ባቄላ ፈላ። ዲሬክተሩ ደስ ብሏቸው አንድ ስልቻ የቡሬ በርበሬ ሰጡን። እኔ በመኪናው ላይ እስከ ፍኖተ ሰላም ድረስ ለተሳፋሪው ሥራውን ተረክሁ፤ ግማሽ መንገድ ስንደርስ አያ ደምሴ ከታሪኩ ወጥተው ነበር፤ ሁሉንም የሠራሁት እኔ ነበርሁ። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው ይሰማሉ። ዛሬ ሳስበው፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በተቀጠርሁ በሁለት ዓመቴ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግሽ ዓባይ ጠበል ሊጠመቁ ፈቃድ ጠየቁ። ቦይለሩን ለኔ ሰጡኝ። ሲሄዱ የነገሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «ብረቱ ሲጮህ ብረቱን አትሳደብ።» እኔ ምርቃት መስሎኝ «አሜን» አልሁ።

ቦይለሩ ላይ የዕፎይታ ቫልቭ አለ። ግፊቱ ከልኩ ሲያልፍ በራሱ ይከፈትና ትርፉን እንፋሎት ያወጣል፤ ሲያወጣም ይጮሃል። እሳቸው በሄዱ በመጀመሪያው እሁድ በቅዳሴ ሰዓት ጮኸ። በሁለተኛው እሁድም ጮኸ። ደብሩ ከሐኪም ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ሰኞ ጠዋት መሪጌታ ጥበቡ መጡ። የደብሩ የዜማ አለቃ ናቸው፤ ድምፃቸው ያማረ፣ ምላሳቸው ከድምፃቸው ይብስ የሰላ።

«ልጄ ይበልጣል» አሉኝ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «እኛ በግዕዝ ስንጀምር ያ ብረትህ በአራራይ ይቀበለናል። ዜማ የተማረው የት ነው?»

«ድሬዳዋ ይሆናል፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ ቅኔ ማሕሌት ይግባ፤ ደጅ ሆኖ ምን ያደርጋል?»

ሳቅሁ። ግን አፈርሁ። በኛ አገር መሪጌታ ደጅህ ድረስ መጥቶ፣ በቀልድ ጠቅልሎ ሲነግርህ፣ «አይቻልም» አይባልም። ምላስ አይታዘዝም። «የኔታ፣ በሚመጣው እሁድ የዝንብ ድምፅ እንኳ ቢሰሙ ጆሮዬን ይቁረጡት» አልሁ። መረቁኝ። እኔም ምርቃቱን ተቀብዬ ወደ ዕቃ ቤት ሄድሁ።

የቫልቩ መውጫ አንድ ኢንች ተኩል ነው። ድምፁን ወደ ገደሉ ልሸኘው ካልሁ ረጅም ቧንቧ ያስፈልገኛል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያለው ረጅም ቧንቧ ደግሞ ባለ ግማሽ ኢንች ብቻ ነው። ጤፉን ረሳኸው ወይ ብትሉኝ፣ አልረሳሁትም። ግን እንዲህ አልሁ፤ «ጤፉ ለሚሠራ እንፋሎት ነው። ይኸ የሚጣል ነው። ለሚጣል ነገር ማን ሰፊ መንገድ ያዘጋጃል?» መውጫውን በማጥበቢያ አጥብቤ፣ ካናፓ የምንለውን ቃጫ ጥርሱ ላይ ጠምጥሜ፣ ቧንቧውን በአጥሩ ሥር አሳልፌ እስከ ገደሉ ወሰድሁት። አራት ቦታ ታጥፏል፤ መሐል ላይም ጎብጧል። እሁድ ሆነ። ዝም! መሪጌታ ከቅዳሴ በኋላ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን ብቅ አድርገው በእጃቸው ባረኩኝ። የዚያን ቀን ቁመቴ አንድ ክንድ ጨመረ፤ ይህ ማጋነን አይደለም፣ ሱሪዬ አጥሮኛል።

ከዚያ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ የሚቃጠልበት ቀን ነው፤ በየደጁ ጥራጊ ይነዳል፤ ከተማው በጭስ ይሸፈናል። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ጋሼ አበረ ያረጀ የፍራሽ ጭድ፣ የተቀደደ ጨርቅ፣ የተሰበረ ሣጥን በጋሪ ገፍተው መጡ። «ደጅ ላይ ካነደድነው ሕመምተኞቹ በጭስ ያልቃሉ፤ እዚህ አይነድም?» አሉኝ። «ለምን አይነድ? ሚካኤልንም እንፋሎቱንም ባንድ እሳት!» አልሁና ሁሉንም ወደ ምድጃው አስገባሁት። ደረቅ ጭድ እንደ ባሩድ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ልብስ አጣቢዎቹ በበዓሉ ምክንያት አልገቡም፤ ዋናው የእንፋሎት በላተኛ ዘግቷል። እሳቱ እጥፍ፣ መውጫው ከዘጠኝ አንድ። ይህን የሚያሰላ ሰው በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። እኔ ለጋሼ አበረ፣ ዓባይ ውስጥ አዞ በሬ ከነሞፈሩ ሲውጥ ያየሁበትን ታሪክ እየነገርኋቸው ነበር። ዓባይ ውስጥ አዞ አይቼ አላውቅም። ጆሮዬ ግን ሥራ ላይ ነበር፤ ግፊቱ ቢያልፍ ቫልቩ ይጮሃል ብሎ ይጠብቃል። ያፈንሁትን ጩኸት ነበር የምጠብቀው።

አዞው ሞፈሩን ሲተፋ በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። አያ ደምሴ ናቸው፤ ገና ከመንገድ፣ አቧራ ለብሰው፣ ጠበል የያዘ ቅል አንጠልጥለው። እኔን አላዩኝም፤ መስታወቱን አዩ፣ ከዚያ የግፊት መለኪያውን።

«ይበልጣል» አሉ ቀስ ብለው፣ «መርፌው የት ነው?»

ዘወር አልሁ። መርፌው ከቀዩ መስመር አልፎ ቁጥር ወደሌለበት ሄዷል። ቫልቩ ተከፍቷል፤ ግን የታነቀ ሰው እንደሚያቃትት ያቃትታል። አያ ደምሴ ወደ ላይ ቀና ብለው ቀጭኗን ቧንቧ አዩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር እስከ ዛሬ ድረስ በቀልድ ማጠብ አልቻልሁም።

ባልዲ አነሣሁ። «እሳቱ ላይ ልድፋ?»

«እንዳትደፋ! ብረቱ ይሰነጠቃል። የአመዱን በር ዝጋ፤ አየር አታስገባ። አመድ አልብሰው፤ ቤትህ እሳት እንደምትዳፍነው ዳፍነው። አበረ፣ ሕመምተኞቹን ከዚህ ግድግዳ አርቃቸው!»

አመዱን በአካፋ አለበስሁት። እሳቸው ቅሉን በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጡና ወደ ልብስ ማጠቢያው መስመር ሄዱ፤ እሱ ሲከፈት እንፋሎቱ ሌላ መሄጃ ያገኛል። መክፈቻው ያለው ልክ ከኔ ማጥበቢያ ሥር ነው። በቀኝ እጃቸው ያዙት። ከሩብ ዙር አላለፉም፤ በቀዘቀዘ ቧንቧ ላይ እንፋሎት በአንድ ጊዜ ከለቀቁበት ይፈነዳል፤ ይህን አስተምረውኛል። ሩብ ዙር። ጠበቁ። ሌላ ሩብ።

በዚህ መሐል ካናፓ ያሰርሁበት መገጣጠሚያ ተፈናጠረ።

የፈላው ውሃና እንፋሎት በቀኝ ክንዳቸው ላይ ወረደ። እጃቸውን ይነጥቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም ይነጥቃል። አልነጠቁም። ግራ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ጨመሩበትና ቀሪውን ዙር እንደ ጀመሩት፣ ሩብ በሩብ ጨረሱ። መርፌው መመለስ ጀመረ። ያን ጊዜ ተቀመጡ።

ሐኪሙ እጃቸውን ሲያስርላቸው ከአልጋው ጎን ቆሜ ነበር። ሁለት ጣቶቻቸው ከዚያ በኋላ ቀጥ አላሉም።

«ለምን አጠበብኸው?» አሉኝ።

«መሪጌታ በቅዳሴ ሰዓት ይጮሃል ብለው...»

«እኔ እያለሁ በእሁድ ጮኾ ያውቃል?»

አሰብሁ። አያውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜም አልጮኸም።

«እሁድ ሥራ ትንሽ ነው፤ እንጨት እቀንሳለሁ» አሉ። «እሱ የጮኸው በአንተ ላይ ነው። እሳት አበዛህ፤ ተናገረብህ። አንተ ምስክሩን አነቅኸው።»

ከዚያ ወዲህ በብዙ ቦታ ሠርቻለሁ፤ ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ ከዚህ የሚበልጥ የቦይለር ትምህርት የሰጠኝ የለም። የቫልቭ መውጫ ከአፉ አይጠብም፤ አጭር ይሁን፣ ቀጥ ይበል፣ ውሃ የሚያንጠባጥብበት ቀዳዳ ከታች ይኑረው፤ ይህን ማንም ይማረዋል። የሚከብደው፣ ሲጮህ «ምን አጠፋሁ?» ማለት ነው።

በማግሥቱ ወደ ደብሩ ሄድሁ። ማንም አልላከኝም። መሪጌታ ከዋርካው ሥር ተማሪዎቻቸውን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ነገርኋቸው። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ።

«እኔ ነኝ ሰውዬውን ያቃጠልሁት?»

እዚህ ላይ አንድ በር ተከፈተልኝ። «አዎ» ባልል እንኳ ዝም ብል፣ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ከመሪጌታ ጋር የተካፈሉት ጥፋት ደግሞ ግማሽ ጽድቅ ነው። ምላሴ ሊታጠፍ ፈለገ።

«አይደለም፣ የኔታ» አልሁ። «አንቱ ስለ ድምፁ ነገሩኝ እንጂ ስለ ቧንቧው አልነገሩኝም። ቧንቧው የኔ ነው። እሁድ እንዳይጮህ እሳቴን እቀንሳለሁ፤ ግን ቢጮህ መልሼ አላፍነውም። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁ።»

መቋሚያቸውን ከመሬት አነሡ። ከዚያ «ይጩኽ» አሉ። «ከጮኸ አቋርጠን እንጸልይልሃለን።» ቀልድ ነው ብዬ ቀና ስል፣ አልሳቁም።

የሐኪም ቤቱ አስተዳዳሪ ስለ አደጋው ጽሑፍ ጠየቀ። ከአዲስ አበባ በቅርቡ የመጣ፣ ክራቫት የማይለየው ሰው ነው። አያ ደምሴን «በዕቃው ማርጀት የደረሰ ብላችሁ ጻፉ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል» አላቸው። እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። ነፍሴ መለስ አለች። የጥፋተኛ ስም ከተጻፈ መባረሬ ነው፤ ከተባረርሁም በጎጃም ምድር ቦይለር ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ማን ይቀጥረኛል?

አያ ደምሴ «ዕቃው አላረጀም» አሉና ወደኔ ዞሩ። «እኔ እጅ የለኝም። አንተ ተቀመጥና ጻፍ።»

ተቀመጥሁ። እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። «የዕፎይታ ቫልቩ መውጫ አንድ ኢንች ተኩል ነበር። ወደ ግማሽ ኢንች ጠበበ። በበዓሉ ቀን እሳቱ ከልክ በላይ ሆነ። ይህን ያደረገው...»

አልጨረሱትም። እኔን አላዩኝም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያሉ። አስተዳዳሪው ሰዓቱን አየ። ብዕሩ በእጄ ላይ ከበደ። ስሜን ጻፍሁ፣ ከነአባቴ ስም። ያን ያህል ረጅም ስም እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

«ጻፍህ?»

«ጻፍሁ፣ አያ።»

«አንድ መስመር ጨምር። ‹ይህ ሰው በሥራው እንዲቆይ እጠይቃለሁ፤ ከእንግዲህ ይፈራልና።›»

ጻፍሁ። ወረቀቱን ስቤ ሰጠኋቸው፤ በግራ እጃቸው፣ እንደ ሕፃን ጽሕፈት በተጣመመ ፊደል ፈረሙ። አስተዳዳሪው ተቀብሎ አነበበው። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቅንድቡን አነሣ።

«ፈሪ ሠራተኛ ምን ያደርግልናል?»

«ደፋሩንማ አየነው፣ ጌታው» አሉ አያ ደምሴ፤ የታሰረውን እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

አስተዳዳሪው የታሰረውን እጅ አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ብዕሩን አነሣና ከአያ ደምሴ ፊርማ ሥር ፈረመ።